ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነገር ሲለወጥ



የኢንተርንሺፕ ማመልከቻ በሚገባበት ሰሞን ከጁምዓ ሶላት መልስ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብናል፦ «ካስገባሁ በኋላ ነገሩ ተለወጠ፤ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?» ዘንድሮ ያነሳው ከቆቦ የመጣ የመስኖ ምህንድስና ተማሪ ወንድማችን ነው። በማመልከቻው ላይ የመስኖ ዲዛይን ኮርስ «ጨርሻለሁ» ብሎ ነበር። ሲጽፍ ፈተናውን ተፈትኖ ስለነበር አልዋሸም። ውጤቱ ሲወጣ ግን ወድቋል። ያመለከተው ከቤተሰቡ ቤት በእግር በሚደረስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህ ቀርቶ ሌላ ከተማ ከደረሰው የቤት ኪራይና ቀለብ አለበት፣ ያንን የሚችል ቤተሰብ ደግሞ የለውም።

«ማንም አይጠይቅህም» ያሉት ከመካከላችን ጥቂት አልነበሩም። እኛ አልተስማማንም። ቃሉ ሲጻፍ እውነት ነበር፣ አሁን አይደለም፤ ተቀባዩ ግን እስካሁን እያመነው ነው። በቆቦ ሜዳ ዘመናዊው መስኖ በአብዛኛው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ ነው። ዲዛይን ያውቃል ተብሎ የተመደበ ልጅ ቢሳሳት ውሃ የሚያጣው የገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ወንድማችን ጻፈላቸው። ዲዛይን ክፍል አላስገቡትም፤ ፓምፕ ቤት መደቡት። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር።

ብዙዎቻችን የማናስበው ለውጥ የቀን ለውጥ ነው። የዩኒቨርሲቲዎች ካሌንደር ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ ደጋግሞ ተንሸራቷል። ለግብርና ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በራያ ቆላ ማሽላ የሚዘራው በክረምቱ መግቢያ ነው፤ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ከመሬት ብቅ የሚለው ማሽላው ካደገ በኋላ ነው። «ነሐሴ እመጣለሁ፣ አቀንጭራ እቆጥራለሁ» ብሎ ያመለከተ ተማሪ ጊዜው ወደ ጥር ቢገፋበት፣ ማሳው ታጭዶ የሚቆጠር ነገር አያገኝም። የተቀባዩ ባለሙያም ሥራውን ያቀደው በወቅቱ ነው። ስለዚህ ቀኑ እንደተለወጠ፣ አዲሱ ቀን ባይቆረጥ እንኳ፣ አሳውቁ።

ስልክም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆቦና አካባቢው በጦርነት ውስጥ ሳሉ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ቁጥር፣ በተለይ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ቁጥር መስጠት ብልህነት ይመስለናል።

በሌላ በኩል አንድ ሥልጠና ወሰድኩ፣ ሲቪዬን አሳመርኩ፣ አንድ ፊደል ተሳስቼ ነበር እያሉ በየሳምንቱ መጻፍ ሰውን ማሰልቸት ነው። አዲሱ ነገር የምትመደቡበትን ሥራ የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ የካርታ ሶፍትዌር ተምራችሁ ያመለከታችሁት የካርታ ሥራ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ጻፉ። ካልሆነ ለቃለ መጠይቁ አቆዩት።

አጻጻፉን በተመለከተ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ከዚያ ኃላፊው ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ስለዚህ አዲሱ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ካልጠቀሰ ሁለቱ ወረቀቶች ላይገናኙ ይችላሉ። ስታስገቡ ቁጥሩን ጻፉት ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይበልጥ፦ ቀድሞ ምን ተጽፎ ነበር፣ አሁን ምን ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ። ምክንያት ማብዛት አያስፈልግም። ውጤት ከሆነ የሬጅስትራር ማኅተም ያለበት ወረቀት ይያያዝ፤ ቀን ከሆነ ትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤውን ያድስላችሁ። በኢንተርኔት ሞልታችሁ ከሆነና ቅጹ ከተዘጋ፣ ማስታወቂያው ላይ ባለው አድራሻ ጻፉ እንጂ ሁለተኛ ቅጽ አትሙሉ።

ሌላ ቦታ አግኝታችሁ የመጀመሪያውን የማትፈልጉት ከሆነ ደግሞ ዝምታው ሌላ ሰው ይጎዳል። የሚቀበሉት ተማሪ ጥቂት ነው፤ በእናንተ ስም የተያዘው ቦታ ለአንድ እህት ወይም ወንድም ሊሆን ይችል ነበር። ለዚህ ደብዳቤ እስኪጻፍ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ደውሉ፣ ደብዳቤው ይከተላል።