አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት ከርነሉን ይዩ

አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቁም ሳጥን ላይ የወረደው ክራር ሳሎናችን ውስጥ ቋሚ ቦታ አግኝቷል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ስትወልድና አባዬ ለክርስትናው መሄድ እንደማይችል ሲታወቅ፣ "እኔ ባልሄድ ድምፄ ይሂድ" አለ። ልጅቷ ሴት ናትና 80 ቀን ነበረን። ማይክ ገዛን፣ የድምፅ ካርድ ከጓደኛ ተዋስን፣ ሁሉንም በታናሽ ወንድሜ የቆየ ላፕቶፕ ላይ ሰካን። አባዬ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ሁለት ስንኝ እንዳዜመ ቀጥ አለና፣ "ከኋላዬ ማነው የሚደግመው?" ሲል ጠየቀ።

ማንም አልነበረም። የራሱ ድምፅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ዘግይቶ ሲወጣ የሚሰማው። ወንድሜ መዘግየቱን ለማሳጠር ቅንብሩን ሲነካካ ደግሞ ቀረጻው እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር። በሦስተኛው ምሽት አባዬ ክራሩን ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለውና "ይቅርባችሁ ልጆቼ፣ ድሮም ድምፄ አርጅቷል" አለ። እኛም የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ማጠያየቅ ያዝን።

እርስዎም ቤት መዝሙር የምትቀርጽ ልጅ ወይም ኪቦርድ የሚለማመድ ታዳጊ ካለ ነገሩ እንግዳ አይሆንብዎትም። ብር ከማውጣትዎ በፊት ግን ይህን ያንብቡ። የእኔ እንጀራ ሰው እንዲገዛ ማግባባት ነው፤ "አይግዙ" ስል ታዲያ ምክንያት አለኝ።

ኮምፒውተር ድምፅን የሚያስተናግደው እያጠራቀመ፣ በጥቅል በጥቅል ነው። በተለመደው ቅንብር አንድ ሰከንድ ድምፅ 48,000 ናሙና ይሆናል። ጥቅሉ 1,024 ናሙና ከሆነ ለመሙላት ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ሲገባና ሲወጣ ሲደመር ከ40 ያልፋል። ጥቅሉን ወደ 128 ካወረዱት ግን እያንዳንዱ 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 10 ሚሊሰከንድ ማለት ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ የቆመን ሰው እንደ መስማት ነው፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። 40 ሚሊሰከንድ ግን የራስዎን ክራር 14 ሜትር ርቆ፣ ከግቢ በር ላይ ሲመታ እንደ መስማት ነው። በዚህ ላይ ምት መጠበቅ ይከብዳል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትንሹን ጥቅል አንመርጥም? እዚህ ላይ ነው ከርነል የሚመጣው። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ የትኛው ሥራ መቼ ፕሮሰሰሩን እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ነው።

እንግዳ በመጣበት ቀን እንጀራ የምትጋግር ሴት ያስቡ። ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ቡና ተቀድቶ እስኪያልቅ አይጠብቅም። መደበኛ ከርነል "የጀመርሽውን ቡና ቅጂና ተመለሺ" የሚል ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትደርሳለች፤ አንዳንዴ ግን እንጀራው ያራል። ቀረጻ ላይ "ጧ" የሚለው ያ ያረረው እንጀራ ነው። ትልቅ ጥቅል እንደ ድፎ ዳቦ ነው፣ ቢዘገዩበትም ይታገሳል፤ ትንሽ ጥቅል ግን እንጀራ ነው። ሎው ሌተንሲ የሚባለው ከርነል "ጀበናውን አስቀምጪና ሩጪ" ይላል። እንግዶቹ ቡናው ጥቂት ይዘገይባቸዋል፣ ማለትም ሌላው ሥራ በመጠኑ ይንቀራፈፋል፤ እንጀራው ግን ይድናል።

ስለዚህ ከርነሉ ራሱ መዘግየቱን አያሳጥርም፤ ትንሹን ጥቅል ሳይንጣጣ እንዲጠቀሙ ያስችልዎታል እንጂ። ከርነል ቀይረው ጥቅሉን 1,024 ላይ ከተዉት ለጆሮዎ ምንም አልተለወጠም። እኛ በዚህ አንድ ሙሉ ምሽት አባክነናል።

ከርነል መምረጥ የሚቻለው በሊኑክስ ነው። ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ መፍትሔው ለድምፅ ካርዱ የተሠራ የኤሲዮ ድራይቨር መጫን ነው፤ ማክ ላይ ደግሞ ኮር ኦዲዮ አብሮ ይመጣል። የወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ያለው ኡቡንቱ ስለሆነ ምርጫው የእኛ ነበር፦ መደበኛው፣ ሎው ሌተንሲው እና ሪል ታይሙ።

እኔ በማርኬቲንግ ዓይኔ ስሙን ብቻ አይቼ "ሪል ታይም ይሁን" አልኩ። ሪል ታይም ለሃያ ዓመት ያህል ከዋናው ሊኑክስ ውጭ እንደ ተቀጽላ ሲዘጋጅ ቆይቶ፣ እንደ ፈረንጆቹ በኖቬምበር 2024 በወጣው 6.12 ከርነል ውስጥ ተካቷል። የፋብሪካ ማሽን ለሚቆጣጠር ሰው ትልቅ ነገር ነው። እኛ ስንጭነው ግን የስክሪን ካርዱ ድራይቨር አልስማማ አለውና ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ይዞ ቀረ። የልጄ የቤት ሥራ ያለው እዚያው ላይ ነው! ደግነቱ ሊኑክስ ላይ አዲስ ከርነል ሲጭኑ አሮጌው አይጠፋም፤ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር አሮጌውን መርጠን ወደ ነበርንበት ተመለስን። እርስዎ ግን አስቀድመው ፋይሎችዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ለቤት ቀረጻ የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው። ለብቻው መጫን እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ከወጣው 5.12 ከርነል ወዲህ፣ እንዲያ ተደርገው በተዘጋጁት ላይ፣ መደበኛው ከርነል ጠባዩን ሲነሳ መቀየር ይችላል። በማስነሻ መስመሩ ላይ "ፕሪኤምፕት" የሚለውን "ፉል" ማድረግ በቂ ነው፤ ይህ "ጀበናውን አስቀምጪ" የሚለው ትእዛዝ ነው። ለሙዚቃና ለቪዲዮ ሠሪዎች የሚዘጋጀው ኡቡንቱ ስቱዲዮም ለዓመታት ሎው ሌተንሲ ከርነል ለብቻው ይዞ ሲመጣ ቆይቶ፣ ከ24.10 ጀምሮ መደበኛውን ከርነል በእነዚህ ቅንብሮች ማስነሳት መርጧል። በነፃ ይወርዳል፣ ሳይጭኑትም ከፍላሽ አስነስተው መሞከር ይችላሉ። ፋይሉ ግን ብዙ ጊጋባይት ነውና በሞባይል ዳታ አይሞክሩት።

ከርነሉ ቢስተካከልም ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፦ የእርስዎ መጠቀሚያ ስም "ኦዲዮ" በሚባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ፣ የቀረጻው ፕሮግራም ቅድሚያ የመጠየቅ መብት ላይኖረው ይችላል። ላፕቶፑም ባትሪ ቆጣቢ ላይ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ያንቀላፋል። እኛ ቤት መብራት በሄደ ቁጥር ቀረጻው መንጣጣት ሲጀምር ከርነሉን ነበር የምንጠረጥረው፤ ላፕቶፑ ግን በራሱ ወደ ቁጠባ እየገባ ነበር። ቅንብሩን ወደ ሙሉ አቅም ይቀይሩ፣ ሲቀርጹ ዋይፋይ ያጥፉ።

የብሉቱዝ ማዳመጫ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙውን ጊዜ ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚያዘገይ የትኛውም ከርነል አያድነውም። ባለ ገመድ ያድርጉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ የድምፅ ካርዶች ላይ የዘፋኙን ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሳያስገቡ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚልኩበት ማብሪያ አለ። የእርስዎ ይህ ካለው፣ የሚቀርጹትም ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ እሱን አብርተው ከርነሉን ይርሱት። የእኛ የውሰት ካርድ ግን አልነበረውም። ደግሞ አባዬ ድምፁ ላይ ገደል ማሚቶ ካልተጨመረለት አያዜምም፤ ገደል ማሚቶውን የሚጨምረው ኮምፒውተሩ ስለሆነ አጭር መዘግየት ግድ ነበር። ኪቦርድ ሰክቶ የኮምፒውተሩን ፒያኖ የሚጫወት ልጅ ካለዎትም እንዲሁ ነው፤ ድምፁ የሚፈጠረው እዚያው ውስጥ ነውና ማብሪያው አይጠቅመውም።

በ62ኛው ቀን፣ ጥቅሉ 128 ላይ፣ ላፕቶፑ ያው አሮጌው፣ አባዬን ለመንነው። ክራሩን ከግድግዳ አወረደ፣ ማዳመጫውን አደረገ፣ ጀመረ። ሁለት ስንኝ፣ አራት ስንኝ ሄደ። ከዚያ ድንገት ቆመ። ወንድሜ ፊቱ ቀላ፤ "አባዬ፣ አሁንም ይደግማል?" አለው።

"ኧረ የለም ልጄ፣ ይሄስ የኔ ነው፤ አራተኛው ክር ላልቷል" አለና ጎንበስ ብሎ መቃኘት ጀመረ።