ነፍሰ ጡር እናትና «የወፍ በሽታ»

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን ጎረቤት ፈጥኖ የሚናገረው «የወፍ በሽታ ነው» የሚለውን ቃል ነው። የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች የሚሉም አሉ። ከዚያም መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይኬዳል፤ ቅጠልና ሥራ ሥር ተወቅጦ ይጠጣል። አብዛኛው ሕመምተኛ በጥቂት ሳምንታት በራሱ ስለሚሻለው ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በቤትዎ ነፍሰ ጡር ካለች፣ እንዲህ እያሉ ቀን መግፋት የእናትንም የልጅንም ሕይወት ሊያጠፋ እንደሚችል ማወቅ ይገባዎታል።

የዓይን ቢጫ መሆን የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ጉበት መታመሙን የሚያሳይ ምልክት ነው። ለዚህ ከሚያበቁት ምክንያቶች መካከል ሄፓታይተስ የሚያስከትሉት አምስት ቫይረሶች ይገኙበታል። ኤ እና ኢ የሚባሉት በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ ይተላለፋሉ። ቢ፣ ሲ እና ዲ ደግሞ በደም ይተላለፋሉ፤ በተለይ ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅም ይሻገራል።

የበሽታው ሁኔታ እንደ ድሮው አይደለም። ኤ በሕፃንነት ሲይዝ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ንጽሕና በተሻሻለባቸው ከተሞች ግን ልጆች ሳይያዙ ያድጉና በጉልምስና ሲያገኛቸው ይጠናባቸዋል። ቢን ለመከላከል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የአገራችን ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባሉ። ኢን የሚከላከል ግን በመደበኛ ክትባታችን ውስጥ የለም።

ለነፍሰ ጡር እጅግ የሚያሰጋው ይኸው ኢ ነው። ሌላውን ሰው እምብዛም አይገድልም። በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት ግን ከ100 ታማሚ እናቶች እስከ 20 እና 25 የሚደርሱትን ሊገድል እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች ላይ የደረሰ የኢ ወረርሽኝን አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ በኢትዮጵያውያት ነፍሰ ጡሮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። ከ2014 እስከ 2015 በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች በተነሳው ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰዎች በበሽታው ተጠርጥረዋል። በሽታው የሚበረታው ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ባነሰበት ስፍራ ነው። ተፈናቃዮችን ያስጠጋችውና በፋብሪካዎች እየሰፋች ያለችው ደብረ ብርሃንም ይህን ልትዘነጋ አይገባትም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ንጽሕናው ያልታመነ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም አፍልተው ይጠጡ። ደብረ ብርሃንና አንኮበር ደጋ በመሆናቸው ውሃ የሚፈላው ከቆላው ባነሰ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። ጀሪካኑን አጥበው ይክደኑት። ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላና ምግብ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

በእርግዝና ጊዜ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ምግብ አስጠልቶ ካስመለሰዎት በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። መደንገዝ፣ ቃል መሳት ወይም መድማት ከታየ ለአንድ ሰዓትም አይጠበቅም። በአንኮበር ገጠር ያላችሁ ቤተሰቦች መጓጓዣውን አስቀድማችሁ አስቡበት። ቅጠልም፣ አረቄም፣ ሐኪም ያላዘዘው ኪኒንም የታመመ ጉበትን ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። ጸበል የሚጠመቁ ቢሆንም ሕክምናውን አያስቀሩ።

በእርግዝና ክትትልዎ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን የቢ ክትባት እንዲያገኝ ስለሚመክር፣ ስለዚሁ ከመውለድዎ በፊት አዋላጇን ያነጋግሩ። ባሎችም ውሃውን በማፍላትና ሚስቶቻቸውን ወደ ሐኪም በማድረስ ድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል።