ድንኳኑ አስቀድሞ ይተከል፦ ጽሕፈት ቤት ሲዛወር የመገናኛና የቴክኖሎጂ ዝግጅት

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር መልካቸው ፈጥኖ ከተለወጠ የከተማይቱ ክፍሎች አንዱ ፒያሳ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በየካቲት ወር ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፤ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደውም መንገድ ተቆፈረ። ለአሥርት ዓመታት በአንድ በር ሲገቡና ሲወጡ የኖሩ ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎችና ልዩ ልዩ ቢሮዎች ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ለብዙዎቹ የመዘጋጃው ጊዜ አጭር ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለ ፈረሰው ሰፈር ለመተረክ የታሰበ አይደለም። ከዝውውሩ አንድ ትምህርት ለመውሰድ እንጂ። ጠረጴዛውና የፋይል ካቢኔው በአንድ ቀን በአይሱዙ ተጭኖ ይደርሳል፤ ስልኩ፣ ኢንተርኔቱና በኮምፒውተር ውስጥ ያለው መዝገብ ግን በመኪና ስለተጫነ ብቻ ሥራ አይጀምርም። አዲስ ሕንጻ ሠርቶ የሚገባም ሆነ የኪራይ ቤት የሚቀይር፣ በልማት ምክንያት የሚነሣም ሆነ ለእድሳት ለጊዜው የሚወጣ የደብር ጽሕፈት ቤት ወይም የፕሮጀክት ቢሮ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

የሚቋረጠው ምንድን ነው?

ለአብነት ያህል ስድሳ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚረዳ አንድ የደብር ጽሕፈት ቤት እናስብ። የአሳዳጊዎቹ ካርድ የታተመው በጽሕፈት ቤቱ መደበኛ ስልክ ቁጥር ነው። የባንክ መልእክት የሚደርሰው በሒሳብ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ በሚቀመጥ ስልክ ላይ ነው። የሕፃናቱ ስም፣ ፎቶግራፍና የትምህርት ውጤት በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ተመዝግቧል። የሦስት ወር ሪፖርት ካልተላከ ቀጣዩ ክፍያ አይለቀቅም።

ይህ ጽሕፈት ቤት ያለ ዝግጅት ቢዛወርና መስመሩ ለሦስት ሳምንት ቢቋረጥ፣ ሪፖርቱ ይዘገያል፤ ክፍያውም ከሪፖርቱ ጋር ይዘገያል። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት አረጋዊት ደጋግመው ደውለው መልስ ሲያጡ ጽሕፈት ቤቱ ቦታ መቀየሩን ከየት ያውቃሉ? ልጁ ከመዝገብ የተሰረዘ ይመስላቸዋል። እንግዲህ የመስመር መቋረጥ ሸክሙ የሚያርፈው ከሠራተኛው ይልቅ በተረጂው ላይ ነው። ዝግጅቱን የሰበካ ጉባኤው እንደ ዋና ጉዳይ ሊይዘው የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ከኦሪት ዘኁልቍ የምናገኘው ሥርዓት

ስለ ዝውውር ዝግጅት ስናስብ ለካህናት ቅርብ የሆነ ጥንታዊ ምሳሌ አለ። በኦሪት ዘኁልቍ እንደምናነበው የመገናኛው ድንኳን ከሰፈር ወደ ሰፈር ይጓዝ የነበረው በዘፈቀደ አልነበረም። ምዕራፍ 4 ሦስቱ የሌዋውያን ወገኖች የሚሸከሙትን ለየብቻው ይዘረዝራል፦ ቀዓታውያን ንዋያተ ቅድሳቱን፣ ጌድሶናውያን መጋረጃዎቹንና መደረቢያዎቹን፣ ሜራሪያውያን ሳንቆቹን፣ ምሰሶዎቹንና እግሮቻቸውን። የሜራሪያውያን ሸክም ዕቃው በየስሙ እየተቆጠረ እንዲሰጣቸው ታዝዟል። ንዋያተ ቅድሳቱም አስቀድመው በካህናቱ ሳይሸፈኑ አይነሡም ነበር።

ምዕራፍ 7 ማጓጓዣውን እንደ ሸክሙ ያከፋፍላል፤ ለጌድሶናውያን ሁለት ሠረገላ፣ ለሜራሪያውያን አራት ሠረገላ ሲሰጥ ቀዓታውያን ግን በትከሻቸው ስለሚሸከሙ ሠረገላ አልተሰጣቸውም። በምዕራፍ 10 ደግሞ የጉዞው ቅደም ተከተል ተገልጿል፦ ድንኳኑን የተሸከሙት ቀድመው ይሄዳሉ፤ ንዋያተ ቅድሳቱ የሚደርሱት ድንኳኑ ተተክሎ ከቆየ በኋላ ነው።

ለጽሕፈት ቤት ዝውውር የሚሆኑ ሦስት ደንቦች ከዚህ ይገኛሉ። አንደኛ፣ ዕቃው ሁሉ በስሙ ይመዝገብ፤ ለእያንዳንዱም ተሸካሚ ይሰየም። ሁለተኛ፣ የከበረው ነገር በተለየ ጥንቃቄ ይጓዝ። ሦስተኛ፣ ማረፊያው ሳይዘጋጅ የከበረው ነገር አይነሣ። በዘመናችን ጽሕፈት ቤት የከበረው ነገር መዝገቡ ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ መብራቱ፣ መስመሩና ገመዱ ነው።

የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት

ቤት ስንመርጥ ዋጋውን፣ ስፋቱንና ለምእመናን ያለውን ቅርበት እንመለከታለን። አራት ጥያቄዎች ይጨመሩበት።

የመጀመሪያው፦ የፋይበር መስመር እስከ ሕንጻው ደርሷል ወይ? በሕንጻው ውስጥ ሌላ ተከራይ የሚጠቀም መሆኑ ለእኛም ክፍት መስመር ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። ትክክለኛ አድራሻውን ይዞ ከኢትዮ ቴሌኮም መልስ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው፦ መብራቱ ይበቃል ወይ? ቆጣሪው የብቻ ነው ወይስ የጋራ? ባለ አንድ ፌዝ ነው ወይስ ባለ ሦስት? የመሬት ሽቦ በትክክል ተቀብሯል ወይ? ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአንድ ቀን መርምሮ ሊነግረን ይችላል። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ኃይል ሲዋዥቅ ለኮምፒውተርም ለሠራተኛም አደጋ ነው።

ሦስተኛው፦ ግድግዳው ከምንድን ነው? በአራዳና በፒያሳ ያሉ የቀድሞ ዘመን ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግንብ አላቸው፤ አዳዲሶቹ ደግሞ ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት ናቸው። ሁለቱም የዋይፋይን ሞገድ ያዳክማሉ። በአንድ ክፍል የተቀመጠ ራውተር ለሦስተኛው ክፍል ላይደርስ ስለሚችል ገመድ መዘርጋት ሊያስፈልግ ነው፤ ይህም በጀት ይፈልጋል። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ግድግዳውን ከመብሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

አራተኛው፦ የተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድ በየክፍሉ ይገባል ወይ? በእጅ ስልክ እየተዘዋወሩ መፈተን ይበቃል፤ ምድር ቤትና የውስጥ ክፍሎች ተለይተው ይታዩ።

የስልክ ቁጥር ጉዳይ

ከመስከረም 1998 ዓ.ም. የቁጥር ለውጥ ወዲህ በአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ከ011 ቀጥሎ የሚመጡት አሃዞች የአካባቢውን የስልክ ማዕከል ያመለክታሉ። የአራዳ ቁጥሮች በ0111 ሲጀምሩ የቦሌዎቹ በ0116 ይጀምራሉ። ስለዚህ ከአንዱ ማዕከል ክልል ወደ ሌላው የሚዛወር ጽሕፈት ቤት የቀድሞ ቁጥሩ ላይከተለው ይችላል። ቁጥሩ መዛወር አለመዛወሩን፣ ካልተዛወረም ጥሪው ለተወሰነ ጊዜ ወደ አዲሱ ቁጥር ሊመራ መቻሉን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ቁጥራችን የት የት እንደተጻፈ መዘርዘርም ያስፈልጋል፦ በደብዳቤ ወረቀት ራስጌ፣ በማኅተም፣ በተረጂዎች ካርድ፣ በባንክ ሰነድ፣ በበር ላይ ጽሑፍ፣ በሀገረ ስብከትና በወረዳ ቤተ ክህነት መዝገብ። የባንክና የቴሌብር መልእክት የሚቀበለው ሲም ካርድ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጣራ። በግለሰብ ስም ያለ ሲም ካርድ ባለቤቱ ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ ዝውውሩ ይህን ለማስተካከል ምቹ ጊዜ ነው።

ምን ያህል ኢንተርኔት ይበቃል?

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋ ቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚለካው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። 100 ሜጋ ባይት የሆነ ፎቶግራፍ ያለበት ሪፖርት 800 ሜጋ ቢት ማለት ነው። የመላኪያው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ከሆነ ወደ 7 ደቂቃ ይወስዳል፤ 8 ሜጋ ቢት ከሆነ ከ2 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። አንድ የቪዲዮ ስብሰባ በተለምዶ ከ2 እስከ 3 ሜጋ ቢት ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ምን እንደሚሠራ ቆጥሮ መደመርና ጥቂት መጠባበቂያ መጨመር ከግምት ይሻላል። ውል ሲገባም የመቀበያው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የመላኪያውም ይጠየቅ፤ ሪፖርት የሚሄደው በእርሱ ነውና።

በኮሪደር ሥራው በምሰሶ ላይ የነበሩ ሽቦዎች ከመሬት በታች ገብተዋል። ይህ ከነፋስና ከመኪና ግጭት ይጠብቃቸዋል፤ ቁፋሮ ባለበት ቦታ ግን የተቀበረ መስመርም ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ጉድጓድ የሚያልፍ ባይሆን ይመረጣል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት የሞባይል አቅራቢዎች አሉ። ዋናው መስመር ፋይበር ሆኖ፣ በሲም ካርድ የሚሠራ አነስተኛ ራውተር ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ አንዱ ሲቋረጥ በሌላው መቀጠል ይቻላል።

መብራትና ገመድ

ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ቢያንስ ሁለት የመብራት ሶኬትና አንድ የኔትወርክ ሶኬት ይታሰብ። የኔትወርክ ገመድ ከስዊቹ እስከ ኮምፒውተሩ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ገመዱ ቀለም ከመቀባቱና ዕቃ ከመግባቱ በፊት ይዘርጋ፤ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይለጠፍበት።

ዩፒኤስ የሚገዛው መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ነው። ራውተሩንና ስዊቹን ለብቻቸው በአንድ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ጥሩ ነው፤ የሚወስዱት ኃይል ጥቂት ስለሆነ መስመሩ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሌዘር ማተሚያ ግን ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከዩፒኤስ ጋር አይያያዝ።

መዝገቡ እንዴት ይጓዝ?

በጥር 2007 ዓ.ም. በፒያሳ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ ዘመን ያስቆጠረ ነገር በአንድ ቀን ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል። በአንድ ቦታ ብቻ ያለ መዝገብ በቃጠሎ፣ በስርቆት ወይም በጉዞ መንገጫገጭ ሊጠፋ ይችላል። የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ የሚል ነው። ይኸውም አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሁለተኛው በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ቦታ ባለ ካዝና ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ማለት ነው። የፒችትሪ የሒሳብ ፋይልም እንዲሁ ይቀዳ። ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ከመዛወሩ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይፈተን።

ሃርድ ዲስኩ ከዕቃው ጋር በአይሱዙ አይጫን፤ እንደ ቀዓታውያን ሸክም በታመነ ሰው እጅ፣ በፊርማ ርክክብ ይሂድ። የክርስትናና የጋብቻ መዛግብትም እንዲሁ። የተረጂዎች ስም፣ የጤና ሁኔታና ፎቶግራፍ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠበቅ የግል መረጃ ነው። አሮጌ ወረቀት ለቆራሌው ከመሰጠቱ፣ አሮጌ ኮምፒውተርም ከመወገዱ በፊት በውስጡ ያለው መጣራትና መደምሰስ አለበት።

የጊዜ ሰሌዳ

ጊዜ በሚገኝበት ሁሉ የሦስት ወር ዝግጅት ይመከራል። በመጀመሪያው ወር አንድ ኃላፊ ይሰየም፤ ዕቃው፣ ቁጥሮቹና የይለፍ ቃሎቹ ይመዝገቡ፤ የመስመር ጥያቄው በደብዳቤ ይቅረብ። በሁለተኛው ወር የመብራትና የገመድ ሥራ ይፈጸም፤ ለባንኩ፣ ለሀገረ ስብከቱና ለለጋሾች የአድራሻ ለውጥ ይገለጽ። በሦስተኛው ወር አዲሱ መስመር ይፈተን፤ ለተረጂዎች በስልክ መልእክት፣ በዐውደ ምሕረት ማስታወቂያና በአሮጌው በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ይነገር። አሮጌው መስመር አዲሱ ሠርቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ አይዘጋ። የሁለት ቦታ ክፍያ ብክነት ቢመስልም ከጠፋ ሪፖርትና ከዘገየ ክፍያ ያነሰ ወጪ ነው።

ጊዜው አጭር ከሆነስ? ሦስት ነገሮች ይቅደሙ፦ የመዝገቡ ቅጂ፣ በጽሕፈት ቤቱ ስም የተመዘገበ ሲም ካርድና ራውተር፣ ለተረጂዎች የሚነገር አዲስ ቁጥር። እነዚህ በሁለት ቀን ሊፈጸሙ ይችላሉ፤ ሌላው በሂደት ይሟላል።

ማንኛውም ሰበካ ጉባኤ ይህን ለመጀመር የመነሻ ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልገውም። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ይቅረብ፦ ነገ ተነሡ ብንባል መዝገባችን በስንት ቦታ አለ? ተረጂዎቻችንስ በየትኛው ቁጥር ያገኙናል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ከተጻፈ የዝግጅቱ የመጀመሪያ ገጽ ተጻፈ ማለት ነው።