ሃያ ሦስቱ መቀመጫዎች፦ የፓርቲዎች ፉክክርና የምርጫ ሥርዓት በአዲስ አበባ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ከተመሠረተ አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ ተፎካካሪ ፓርቲዎች ገዢውን ግንባር በብርቱ ተገዳደሩ። 4 ፓርቲዎች ያቋቋሙት ቅንጅት በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ፣ የጉለሌን ጨምሮ፣ የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ። በ2002 ዓ.ም. ግን ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ።

ይህን ለውጥ በመራጩ አቋም መለወጥ ብቻ ማብራራት አይቻልም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተከተለው ግጭት፣ የቅንጅት መሪዎች መታሰርና የድርጅቱ መከፋፈል ፉክክሩን አዳክመውታል። የምርጫ ሥርዓቱም የራሱ ድርሻ አለው፦ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘው ብቻ ስለሚያሸንፍ፣ ለተሸናፊው የተሰጠው ድምፅ ወደ መቀመጫ አይለወጥም። ስለሆነም የፓርቲዎች መበራከት ብቻውን በምክር ቤት የሐሳብ ብዝኃነትን አያረጋግጥም፤ ድምፅ ወደ መቀመጫ የሚለወጥበት ስልትም ወሳኝ ነው።