የግል ኮሌጆች ለምን በዙ? ታናናሾቻችን ከመመዝገባቸው በፊት ልናውቀው የሚገባ



የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ከየሰፈራችን የሚደርሰን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ልጁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ አልመጣለትም፤ የግል ኮሌጅ እናስገባው ወይስ ይቆይ?» ጠያቂዎቹ ሱቅ ውለው፣ መሬት አርሰው ወይም ዐረብ አገር ሠርተው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ነው የሚጠይቁን። «ሁሉም ነጋዴ ነው፣ ተዉት» ማለት ቀላል ነው፤ «ዲግሪ ያው ዲግሪ ነው» ማለትም ቀላል ነው። ሁለቱም ግን ገንዘቡንም ልጁንም አይጠብቁም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የግል ከፍተኛ ትምህርት በታዳጊ አገሮች ለምን እንደተስፋፋ፣ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ በአገራችን ምን እንደሚመስልና ከመክፈል በፊት ምን መጣራት እንዳለበት በቅደም ተከተል እናያለን።

በሩ ለምን ጠበበ?

ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጡት አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች መጀመሪያ ላይ የነበሯቸው አንድ ወይም ሁለት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ተማሪው ጥቂት፣ ትምህርቱ ነፃ፣ ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው ሥራም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲስፋፋ ግን የዩኒቨርሲቲ በር የሚያንኳኳው ወጣት በፍጥነት በዛ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ብዙ መንግሥታት በዕዳ ተያዙ። የዓለም ባንክም በዚያ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ማውጣት የበለጠ ጥቅም አለው ብሎ ይመክር ነበር። ፈላጊው ሲጨምር መቀመጫው በዚያው ልክ አልጨመረም። ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ነገሩ አይከብደንም፤ ወደ ታንከሩ የሚገባው ውኃ ጨምሮ የመውጫው ቧንቧ ካልሰፋ፣ ውኃው ሞልቶ በሌላ በኩል ይፈስሳል።

ያ «ሌላ በኩል» የግል ተቋም ሆነ። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1992 የግል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ ከ100 በላይ የግል ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ናይጄሪያ በ1999 ለመጀመሪያዎቹ ሦስት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ፈቃድ ሰጠች፤ እሷም ዛሬ ከ100 አልፋለች። ብራዚል ውስጥ ከአራት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ሦስቱ ገደማ የሚማሩት በግል ተቋም ነው። በዓለም ደረጃ ደግሞ ከሦስት ተማሪ አንዱ ገደማ የግል ተቋም ተማሪ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆኑ እንደ ድሮው አልቀጠሉም። የዑጋንዳው ማኬሬሬ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ራሳቸው የሚከፍሉ ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከፋዮቹ በዙ። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል። ስለዚህ «የመንግሥት ነፃ፣ የግል በክፍያ» የሚለው የቆየ ድንበር እየሳሳ ነው።

ሦስት ዓይነት ናቸው

«የግል» የሚለው አንድ ቃል በጣም የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ዳንኤል ሌቪ የተባሉ ተመራማሪ ከብዙ ዓመታት በፊት በላቲን አሜሪካ ባደረጉት ጥናት የግል ተቋማትን በሦስት ከፍለዋቸዋል፤ ክፍፍሉ ዛሬም ያገለግላል።

የመጀመሪያው ዓይነት አንድ ማኅበረሰብ፣ በተለይም የሃይማኖት ማኅበረሰብ፣ ለልጆቹ የሚያቋቁመው ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ በዑጋንዳ ምባሌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረው እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያቋቋመው የእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሲሆን፣ በአገሪቱ ከማኬሬሬ ቀጥሎ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዲን ትምህርት ብቻ አይደለም የሚያስተምረው፤ ሳይንስ፣ ሕግና ንግድም አለው። ካምፓላ ውስጥ ለሴቶች ብቻ የተለየ ካምፓስ ከፍቷል። ሙስሊም ያልሆኑ ተማሪዎችንም ይቀበላል።

ሁለተኛው በጥራቱ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚፎካከር ወይም የሚበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ካራቺ ላይ የተቋቋመውና የራሱ ሆስፒታል ያለው አጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ይመደባል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ክፍያቸው ከፍተኛ፣ መግቢያቸውም ጠባብ ነው።

ሦስተኛው የመንግሥት መቀመጫ ያልደረሰውን ተማሪ የሚቀበለው ነው። በታዳጊ አገሮች በብዛት የተስፋፋው ይህ ነው፤ ቤተሰቦቻችን የሚጠይቁንም በአብዛኛው ስለዚህ ነው። አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ገቢው የተማሪ ክፍያ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ተማሪ ካልመዘገበ አይኖርም። ወጪ ለመቀነስ ከሌላ ቦታ በትርፍ ሰዓት የሚመጡ መምህራንን ይቀጥራል። የሚከፍታቸው ትምህርቶችም በአመዛኙ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኮምፒውተር ሳይንስን የመሳሰሉ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አካውንቲንግ ለማስተማር ክፍል፣ ወንበርና ሰሌዳ ይበቃል። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ግን የኮንክሪት ናሙና በ28ኛው ቀን ጨምቆ የሚሰብር ማሽን፣ የአፈር ላቦራቶሪና የሚያሠራ ቴክኒሻን ይፈልጋል። ያ ሁሉ ዋጋ አለው።

ይህ ማለት ሦስተኛው ዓይነት ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። መንግሥት በር ለዘጋበት ወጣት በር ከፍቷል። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ነርስ፣ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ የሚማርበት ሌላ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ከሦስቱ ውስጥ ተቆጣጣሪ በጣም የሚያስፈልገው ይህ ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ዴል ማር የተባለውን የግል ዩኒቨርሲቲ እንዲዘጋ ስትወስን ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጀምረው ነበር። ተቋሙ ሲዘጋ የሚንገላታው ባለቤቱ ብቻ አይደለም።

በእኛ አገር

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀመረ። በደርግ ዘመን ለግል ከፍተኛ ትምህርት ቦታ አልነበረም። የግል ኮሌጆች የተነሡት ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው፤ በተለይ በ1990ዎቹ በፍጥነት በዙ። ዩኒቲ የዩኒቨርሲቲነት ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው የግል ተቋም ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ለግሎቹ ሕጋዊ መሠረት ሰጣቸው፤ ጥራትን የሚከታተል ኤጀንሲም ተቋቋመ። ያ ኤጀንሲ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተብሎ ይጠራል።

መንግሥትና የግል ተቋማት ያለ ግጭት አልቆዩም። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ የሕግና የመምህርነት ትምህርትንም ለግሎች ከልክሎ ነበር፤ የርቀት ትምህርቱ እገዳ በኋላ ተነሥቷል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከ40 በላይ ደርሰዋል። ይሁንና የግል ተቋማቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹም ትርፍ ለማግኘት የተቋቋሙ የንግድ ድርጅቶች ናቸው። በዚህ ከባንግላዴሽ እንለያለን፤ እዚያ ሕጉ የግል ዩኒቨርሲቲ ለትርፍ እንዳይሠራ ያዛል።

የመውጫ ፈተናው ምን አሳየ?

በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ያላለፈ በድጋሚ መፈተን ይችላል፣ ሳያልፍ ግን ዲግሪ አይሰጠውም። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 ከመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቁጥር ስናየው 72,203 የግል ተቋም ተፈታኞች ቀርበው 12,422 አለፉ። ቀሪዎቹ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉት ለዓመታት ከፍለው፣ ጊዜያቸውን ሰጥተው፣ ዲግሪው ሳይሰጣቸው ቀረ።

ይህን ቁጥር በአግባቡ ማንበብ አለብን። አንደኛ፣ ጎበዝ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች አስቀድመው በመንግሥት ተመድበዋል፤ የግል ተቋማቱ የተቀበሉት ከዚያ የቀረውን ነው። ሁለተኛ፣ ከተፈታኞቹ ብዙዎቹ ሥራ ላይ ያሉና በማታ ወይም በርቀት የተማሩ ናቸው። ሦስተኛ፣ አማካዩ ስለ እያንዳንዱ ተቋም አይናገርም፤ ተማሪዎቹን በብዛት ያሳለፈም፣ ጨርሶ ያላሳለፈም በአንድ ላይ ተደምሯል። ከመንግሥቶቹም ቢሆን ከሦስት አንድ በላይ ወድቋል። ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን ከአምስት ተማሪ አንድ እንኳ ሳያልፍ ሲቀር፣ ክፍያ ተቀብሎ ያላስተማረ መኖሩን መካድ አይቻልም። ሚዛን ማጉደል በገበያ ብቻ አይደለም።

ሌላም ጫና አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት በሕጉ መሠረት ዲግሪ ሊጀምር የሚችለው ተማሪ አነሰ፤ የኮሌጆቹ ወንበር ግን አልቀነሰም። ወንበሩን ለመሙላት የመግቢያ ነጥብ የሌለውን ተማሪ የሚመዘግብ ተቋም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ የገባ ልጅ አራት ዓመት ተምሮም ማስረጃው ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

ከመክፈል በፊት

ስለዚህ ለሚጠይቀን ቤተሰብ የሚከተሉትን እንዲያጣራ እንንገረው።

1. ፈቃዱ ለየትኛው ነው? ባለሥልጣኑ ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ጭምር ነው። አዲስ አበባ ለመደበኛ አካውንቲንግ የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ በክልል ከተማ ባለው ቅርንጫፉ ነርሲንግ ለማስተማር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። በግድግዳ የተሰቀለውን ወረቀት ብቻ አይቶ ማመን አይበቃም፤ ከባለሥልጣኑ ይጠየቅ።

2. ልጁ የዚያን ዓመት የመግቢያ ነጥብ ያሟላል? «ግድ የለም፣ እናስተካክላለን» የሚል መዝጋቢ ካጋጠመ ያኔውኑ መመለስ ነው።

3. በዚያው ትምህርት ክፍል ስንት ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ስንቱ አለፈ? መልሱን የሚደብቅ ኮሌጅ በመደበቁ መልስ ሰጥቷል።

4. ቋሚ መምህራን ስንት ናቸው? ላቦራቶሪውና ቤተ መጻሕፍቱ ይታያሉ? በማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ሳይሆን ክፍሉን ገብቶ ማየት ይሻላል።

5. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የወሩን ክፍያ በዓመታቱ አባዝቶ፣ ምዝገባውን፣ ቤት ኪራዩንና ምግቡን ደምሮ ማስላት ያስፈልጋል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ገንዘብ አልቆ ማቋረጥ ከሁሉ የከፋ ነው። ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ እንዳይገባም አስቀድሞ ማስላት ነው የሚያድነው።

መልሶቹ ካላማሩ «ይቆይ» ማለት መቀመጥ ማለት አይደለም። ሬሜዲያል መግባት፣ በግል ተፈታኝነት ፈተናውን መድገም ወይም ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በእጁ ሙያ መያዝ አለ። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን የሆነ ወንድማችን፣ የመውጫ ፈተና ካላለፈ የዲግሪ ተማሪ ቀድሞ ቤተሰቡን ይረዳል።

የእኛ ድርሻ

ከመንግሥት ውጭ መማር ለሙስሊሙ አዲስ ነገር አይደለም። በአዝሀር የየአገሩ ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ሪዋቅ የሚባል ክፍል ነበር። ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱት የጀበርቲ ሪዋቅ ነበራቸው፤ የታዋቂው ታሪክ ጸሐፊ የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ቤተሰብ ለትውልዶች የመራው ነው። ተማሪዎቹ የዳቦ ድርሻቸውን የሚያገኙት ከወቅፍ ነበር። በወሎም ደረሳው ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተዘዋወረ ሲቀራ፣ ያበላው የነበረው የአካባቢው ሕዝብ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ወጪውን የተሸከመው ማኅበረሰቡ እንጂ የተማሪው ኪስ አልነበረም። ዛሬ በብዛት ያየነው የግል ትምህርት ግን ጭነቱን በሙሉ በአንድ ቤተሰብ ጫንቃ ላይ ያሳርፋል። ጉዳዩ የግል መሆኑ ሳይሆን ማን ይሸከመዋል፣ ማንስ ያጣራዋል የሚለው ነው።

ብራዚል በመንግሥት በኩል አንድ መንገድ ሞክራለች፤ የግል ተቋማት ለድሃ ተማሪዎች ነፃ መቀመጫ ሲሰጡ ግብር ይቀነስላቸዋል። እኛ ግብር የመቀነስ ሥልጣን የለንም። ሆኖም ከእጃችን የማይወጡ ነገሮች አሉ። በየትምህርት ክፍላችን ያለን ተማሪዎች የምዝገባ ወቅት ሲደርስ ለቤተሰቦች ፈቃድ ልናጣራላቸው እንችላለን። ከከፍተኛ ዓመት ያለን ደግሞ የመውጫ ፈተና ስንዘጋጅ፣ በዚሁ ከተማ በግል ኮሌጅ የሚማሩ እህትና ወንድሞቻችንን አብረውን እንዲያጠኑ እንጥራ፤ የምንፈተነው አንድ ዓይነት ፈተና ነው፣ ኖታችንም ለእነሱ ይሆናል። አቅም ላጠራቸው ተማሪዎች ከሰደቃና ከዘካ ምን ያህል መድረስ እንደሚቻል ደግሞ ዑለማዎቻችንን ጠይቀን፣ የአካባቢያችንን መስጂድ ኮሚቴ እናነጋግር።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይወፍቀን፤ የወላጆቻችንንም ልፋት በከንቱ አያስቀርብን። ወሰላሙ ዐለይኩም።