ወደ ላይ የሚወጣው ጠባብ መንገድ

ጥር ነበር፤ ጥምቀት አልፎ ሰርግ በሰርግ ላይ የሚደራረብበት ሰሞን። የአንዷ ሙሽራ አክስት ሜሪላንድ ነዋሪ ናቸው፤ ሥራ ይዟቸው ሳይመጡ ቀሩ። የእህታቸውን ልጅ በቬሎ የሚያዩዋት እኔ ያነሳሁት ፎቶ ሲደርሳቸው ብቻ ነው። ሰርጉ እሁድ ዋለ፤ ማክሰኞ ማታ ደወሉ።

«ልጄ፣ ፎቶውስ?»

«እየተጫነ ነው እትዬ፤ ነገ ያዩታል።»

ረቡዕም ደወሉ፣ ሐሙስም ደወሉ። ኮምፒውተሬ ላይ የተከፈተው፣ ፎቶ የምጭንበት የኢንተርኔት ጋለሪ ገጽ ግን «41 ከ600» እንዳለ ነው። ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁ። ኢንተርኔት ወደሚሸጥልኝ ድርጅት ስደውል «መስመርዎ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ለጋለሪው ባለቤቶች ስጽፍ «በእኛ በኩል ችግር የለም» ብለው መለሱልኝ። በዚያው ኢንተርኔት ሳሎን ውስጥ ፊልም ይታያል። ታዲያ ፎቶውን ምን ያዘው?

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ይህን ነገር ጠንቅቄ ለማወቅ ብዙ ደክሜበታለሁ። ዛሬ የማስተዋውቃችሁም እሱን ነው፤ በየቀኑ የምንሄድበትን፣ እስኪዘጋብን ድረስ ግን መኖሩን ልብ የማንለውን፣ ከእኛ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን መንገድ።

ከሒሳቡ ልጀምር፤ ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚያ ነውና። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ሲሆን የፎቶ መጠን ደግሞ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 12 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ ለመስመሩ 96 ሜጋቢት ሸክም ይሆንበታል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በከፍተኛ ጥራት የሚያስቀምጠው ጄፔግ ብዙ ጊዜ እዚሁ አካባቢ ነው። 600 ፎቶ ሲሆን 7,200 ሜጋባይት፣ ማለትም 57,600 ሜጋቢት። መጫኛው (ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ) በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ከሆነ 16 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም መብራት ሳይሄድ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ፣ ከቤተሰቡ ማንም ሳይጠቀምበት።

«የእኔ እኮ 8 ሜጋ ነው» የሚል ይኖራል። ውል ስንገባ የሚነገረን ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የማውረጃው ነው። የመጫኛው ሌላ ነው፤ የሚለያዩበትም ምክንያት የራሱ ታሪክ አለው።

በስልክ ሽቦ የሚገባው ኢንተርኔት ኤዲኤስኤል ይባላል። ፊት ያለችው «ኤ» የወጣችው «ሚዛኑ እኩል ያልሆነ» ከሚል ቃል ነው። ስንነጋገር ድምፃችን በሽቦው ላይ የሚይዘው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለኢንተርኔት ሲታደል ከ25 እስከ 138 ኪሎኸርዝ ያለው ለመጫኛ፣ ከ138 እስከ 1,104 ያለው ለማውረጃ ተሰጠ። አንዱ ከሌላው ከስምንት እጥፍ በላይ ሰፋ ማለት ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው በአሜሪካ ቤልኮር በተባለው የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ሌችላይደር ነው። በአንድ ኬብል ውስጥ የታጨቁ የስልክ ሽቦዎች እርስ በርስ ይረባበሻሉ፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከማሰራጨት የአንዱን ቀንሶ ለሌላው መልቀቅ እንደሚያዋጣ አሰላ። በዚያ ዘመን ከቤት የሚጠበቀው ፊልም መቀበል ነበር እንጂ 600 ፎቶ መላክ አልነበረም። ለጊዜው ትክክለኛ ፍርድ ነበር። ውርሱ ግን እስከ ዛሬ አብሮን አለ፦ በየቤቱ ከሚዘረጉት የፋይበር ዓይነቶች በስፋት የሚታወቀው ጂፖን ሳይቀር ወደ ታች 2.5፣ ወደ ላይ 1.25 ጊጋቢት ተብሎ የተሠራ ነው። በስልክ ዳታም ያው ነው። የኔትወርክ ማማው በአሥር ቤት በሚቆጠር ዋት ሲያሰራጭ በእጃችን ያለው ስልክ በ4ጂ ቢበዛ 0.2 ዋት ነው የሚያወጣው። ማማው ለእኛ ይጮኻል፣ እኛ ለእሱ እናንሾካሹካለን። ስልኩን ይዞ ወደ መስኮት መጠጋት ከማውረዱ ይልቅ መጫኑን የሚያፈጥነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማንንም ከመውቀስ በፊት መለካት ነው፤ የፍጥነት መለኪያ ከፍቶ ሁለተኛውን ቁጥር፣ የመጫኛውን፣ ማየት። አንዴ በዋይፋይ፣ አንዴ ኮምፒውተሩን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ። በኬብል ከፍ ካለ ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ወይም ሞደሙ በተቀመጠበት ቦታ ነው። በሁለቱም ጥሩ ሆኖ ጋለሪው ብቻ ከዘገየ፣ ያንኑ ፎቶ ወደ ሌላ ቦታ ልኮ ማወዳደር ያዋጣል። ቪፒኤን ተከፍቶ ከሆነም መዝጋት ነው፤ መንገድ ያስዞራል።

አሁን ፎቶዎቹ በዚህ መንገድ ላይ ወደሚቆሙበት ሰልፍ ልውሰዳችሁ። እኔን በጣም የማረከኝ ክፍል ይህ ነው።

ፎቶ አንድ ሆኖ አይሄድም። እያንዳንዳቸው ወደ 1,500 ባይት ወደሚሆኑ ቁራጮች ይከፋፈላል፤ የእኔ ባለ 12 ሜጋባይት ፎቶ ከ8,000 በላይ ቁራጭ ነው። ተቀባዩ ቁራጮቹ ሲደርሱት ደረሰኝ ይመልሳል። ላኪው ደረሰኙን እያየ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ደረሰኝ ከቀረበት መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ይቀንሳል። ይህ ፍጥነት የመጨመርና የመቀነስ ሥርዓት የተበጀው ከደረሰ ጉዳት በኋላ ነው። በጥቅምት 1986 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር፣ ርቀቱ 400 ያርድ ብቻ ሆኖ፣ በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሁሉም ላኪ ደረሰኝ ሲዘገይበት ያንኑ ደግሞ ይልክ ነበር፤ የተደገመው ሰልፉን ያስረዝማል፤ ሰልፉ ሲረዝም ደረሰኙ ይብስ ይዘገያል። ተመራማሪው ቫን ጃኮብሰን ነገሩን መርምሮ በ1988 ያሳተመው መፍትሔ፣ ማለትም በጥቂት ጀምሮ ደረሰኝ እያዩ መጨመር፣ ዛሬም የሰርግ ፎቶዬን የሚያጓጉዘው ሥርዓት መሠረት ነው።

እዚህ ላይ ርቀት ይገባል። ፎቶውን የሚቀበለው ኮምፒውተር ለምሳሌ ዋሽንግተን ቢሆን፣ ከአዲስ አበባ ከ11,000 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎሜትር ስለሚሄድ፣ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳን አንድ ደረሰኝ ደርሶ እስኪመለስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይፈጃል። ቀጥ ያለ ኬብል ደግሞ የለም፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መረጃችን በጎረቤት አገር አልፎ ነው ወደ ባሕር ውስጥ ኬብል የሚገባው። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሲላኩ እያንዳንዱ ደረሰኝ እስኪመጣ መስመሩ ባዶውን የሚውልበት ጊዜ አለ። ሁለት ሦስት ፎቶ ጎን ለጎን መላክ ይህን ክፍተት ይሞላል። አሥር ማድረግ ግን ጠባቡን መንገድ ከማጨናነቅ በቀር ጥቅሙ አልታየኝም።

ሁለተኛው ሰልፍ ያለው ሞደሙ ውስጥ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር መሐንዲስ ከቤቱ ትልልቅ ፋይል ሲልክ የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ ሲፈዝ አስተዋለ፤ ተከታትሎም ምክንያቱን ደረሰበት። ሞደሞች ምንም ቁራጭ እንዳይጥሉ ተብሎ ትልቅ መጠበቂያ ተሰጥቷቸዋል። ፎቶ ስንጭን መጠበቂያው ጢም ብሎ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ሌላው ሰው ገጽ ልክፈት ቢል፣ የሚወርድለት ነገር ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ደረሰኙ ደግሞ የሚወጣው በዚያው በጠባቡ መንገድ፣ ከፎቶዎቼ ኋላ ተሰልፎ ነው። «አንተ ፎቶ ስትጭን ኢንተርኔቱ ይሞታል» የሚለው የቤተሰብ ስሞታ እውነት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ የመጫኛ ፕሮግራሙ ፍጥነት መገደቢያ ካለው፣ ከተለካው ፍጥነት 80 በመቶ ገደማ ላይ ማሰር። ሰልፉ አይጠራቀምም፤ ቤቱም ይተነፍሳል።

99 በመቶ ላይ ስለሚቆመው የመጫን አመልካችም ላንሳ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ነው። አመልካቹ የሚቆጥረው ከእኛ የወጣውን ባይት ነው። የጋለሪው ሥራ ግን ያኔ ይጀምራል፦ ፎቶውን ይከፍታል፣ ለስልክ፣ ለኮምፒውተር፣ ለዝርዝር ማሳያ የሚሆኑ ትንንሽ ቅጂዎች ያዘጋጃል። 6000 በ4000 የሆነው ፎቶ ታሽጎ 12 ሜጋባይት ይሁን እንጂ ሲከፈት 24 ሚሊዮን ነጥብ፣ በየነጥቡም ሦስት ባይት፣ በድምሩ 72 ሜጋባይት ነው። እዚህ ላይ ገጹን እንደገና መጫን ያለቀን ሥራ ሊያስደግም ይችላል። መታገሥ ይሻላል።

ወደ ሐሙስ ማታ ልመለስ። መጫኛዬን ስለካ 1 ሜጋቢት መሆን የነበረበት 0.2 ገደማ ሆኖ አገኘሁት። የቀረውን ማን ወሰደው ብዬ ወደ ሞደሙ ገብቼ የተገናኙትን ዕቃዎች አየሁ። የታናሽ ወንድሜ ስልክ ነበር። ሰርጉን በቪዲዮ ቀርጾ ነበርና ስልኩ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር በራሱ ባክአፕ ያደርጋል፤ እሱም ይህን አያውቅም። በ0.2 ሜጋቢት 41ኛዋ ፎቶ 8 ደቂቃ ትፈልጋለች። የእኔ ዋይፋይ ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው ለአፍታ ይቋረጥ ነበር፤ ጋለሪው ደግሞ የተቋረጠን ፎቶ ከዜሮ የሚያስጀምር ዓይነት ነው። በዚያ አኳኋን ያቺ ፎቶ ዓመትም ብትጠብቅ አትደርስም ነበር። መስመሩም ጋለሪውም ጤነኛ ናቸው የተባልኩት እውነት ኖሯል፤ መንገዱ የታነቀው እኔው ቤት ውስጥ ነው።

የወንድሜን ባክአፕ አቆምኩ። ፎቶዎቹን ረጅም ጎናቸውን 2048 ፒክስል አድርጌ አሳነስኳቸው፤ በስልክም በኮምፒውተርም ለማየት ይበቃል። አንዷ ወደ 0.8 ሜጋባይት ወረደች፣ 600ውም አንድ ላይ 480 ሜጋባይት። ለማሳተሚያ የሚሆኑትን ዋናዎቹን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ፣ 50 በ50 እየከፈልኩ እንዲሄዱ ተውኳቸው። ትንንሾቹ ግን ከአንድ ሰዓት ጥቂት አልፎ አለቁ። ሊንኩን ለሙሽራዋ አክስት ላክሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ስከፍት መልእክታቸው አንድ ቃል ነበር፦ «ደረሰኝ»።