አደይ አበባና የስም ስሕተት

መስከረም 16 ቀን ከኦሎምፒያ ወደ መስቀል አደባባይ ብታቀኑ፣ ለደመራ በቆመው ችቦ ላይ አደይ አበባ ታስሮ ታያላችሁ። የአንዳንድ አገሮች ክፍላተ ሀገር አንድን አበባ መርጠው በሕግ መለያቸው ያደርጉታል፤ በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አበባ አለው። የእኛስ የትኛው ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ሰንደቅ ዓላማና ስለ ብሔራዊ መዝሙር ይደነግጋል እንጂ ስለ አበባ የሚናገር አንቀጽ የለውም።

ይሁን እንጂ በውጭ አገር የተዘጋጁ ብዙ ዝርዝሮች የኢትዮጵያ ብሔራዊ አበባ ካላ ሊሊ የተባለው ነጭ አበባ ነው ይላሉ። ለስሕተቱ መነሻ የሆነው ስሙ ሳይሆን አይቀርም። ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አበባ «ኤትዮፒካ» ብሎ ሰየመው። በጥንቱ የአውሮፓውያን አጠራር ግን «ኢትዮጵያ» ማለት የእኛ አገር ብቻ አልነበረም፤ ሰፊውን የአፍሪካ ምድር ሁሉ ያጠቃልል ነበር። የካላ ሊሊ የትውልድ ሥፍራ ደቡባዊ አፍሪካ ነው።

አደይ ግን ክረምቱ ሲወጣ በደጋውና በወይና ደጋው መስክ ላይ ብቅ ብሎ ምድሩን ቢጫ ያለብሰዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ይረግፋል። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ በየደጃፉ የሚዞሩት እርሱን ይዘው ነው። ለመሆኑ፣ ለእንቁጣጣሽ ካላ ሊሊ ይዛ የመጣች ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?